በብቅ ጥልቅ የተደፉ ሳፋዎች

እትዬ ጦቢያ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉማ ቢሆኑ ሰፈሩ ተጠንቅቋቸው በሰላም ይኖር ነበር። የእሳቸው ነገር ተንኮል ነው፤ ያውም ደም የሌለበት፣ ሰው የሚያስቅ ተንኮል። የተሸወደው ሰው ራሱ መጀመሪያ ይናደዳል፣ ይፎክራል፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያወራት ሳቁ ያመልጠዋል። በማግስቱ ደግሞ እግሩ ይዞት እሳቸው ደጅ ይመጣል፤ ዛሬ ማን እንደተሸወደ መስማት አለበታ!

ተንኮሉ የተጀመረው ሥራ ቦታ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልከኛ ነበሩ። ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር የለም፤ አለቃ ከአለቃ ጋር የሚነጋገረው እትዬ ጦቢያ ገመዱን ከሰኩለት ብቻ ነው። ታዲያ በዚያ መሥሪያ ቤት ሁለት የተኳረፉ ኃላፊዎች ነበሩ፤ ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ አንዱ ግድግዳ፣ አንዱ መስኮት የሚያይ። እትዬ ጦቢያ አንድ ቀን ሥራ ቀዝቀዝ ሲልላቸው ለአንደኛው ደወሉና "እሳቸው ይፈልጉዎታል" አሉት። ለሌላኛውም ደውለው ያንኑ አሉት። ከዚያ ገመዱን ሰክተው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። አንዱ "አቤት፣ ጠሩኝ መሰለኝ" ሲል ሌላው "ኧረ እርስዎ ነዎት የጠሩኝ" ይላል። እንዲህ ሲከራከሩ ቆይተው አንደኛው ሳቁ መጣበት፣ ሌላኛውም ተከተለው፣ በቃ ታረቁ። ማን እንዳስታረቃቸው ሳያውቁ ጡረታ ወጡ። እትዬ ጦቢያ ግን ያቺን ቀን እንደ ሹመት ይዘዋት ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ መስመር ማጠላለፍ ሱስ ሆነባቸው።

ቤታቸው ቂርቆስ ውስጥ፣ ከመስቀል ፍላወር ወደ ቄራ በሚወርደው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ያለች የቀበሌ ቤት ናት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከደጃቸው ሥር ወንዝ አለ፤ ማለቴ፣ ወንዝ ከተባለ። ክረምት ሲገባ የተጣለ ፍራሽና ጎማ ተሸክሞ ያገሳል፣ ሰው እንቅልፍ ይነሳል። መስቀል አልፎ ትንሽ ሲቆይ እየሰለለ እየሰለለ ይሄድና በጋው መሐል ድርቅ ብሎ ቁጭ ይላል። ካርታ ላይ ስም ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ የለም፤ ሰፈሩ ብቅ ጥልቅ ይለዋል።

በደረቀ ጊዜ ብቅ ጥልቅ የሰፈሩ ሳሎን ነው። ቤቶቹ ተደራርበው ግቢ የሚባል ስለሌለ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ወለሉ ላይ ነው፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ። እትዬ ጦቢያ በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል የእድሩን ሊቀመንበር ጋሽ ሓዱሽን መንገድ ላይ አስቁመው፣ አባላቱ ወንዙ እስኪደርቅ እንዳይሞቱ ደብዳቤ ይጻፍላቸው እያሉ ያናድዷቸዋል። ጋሽ ሓዱሽ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ፣ ቀልድ የማይወዱ፣ ደብዳቤ ግን የሚወዱ ሰው ናቸው፤ አንድ ጊዜማ ነገሩን አስበውበት ነበር ይባላል።

ጥር ላይ ልደት የምትባል ልጅ መጣች። ቦርሳ የሚያክል ማሽን በትከሻዋ፣ ነጫጭ የፕላስቲክ ክዳኖች በክንዷ ታቅፋ እትዬ ጦቢያ ደጃፍ ላይ ቆመችና ዕቃዋን እዚያ ማሳደር ትችል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ የካዛንቺስ ሰዎች ነበሩ፤ ሰፈራቸው ሲፈርስ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል። ለዚህም ነው ማሽኑን በየታክሲው እየተሸከመች መመላለስ የከበዳት። እትዬ ጦቢያ ካዛንቺስ የሚለውን ሲሰሙ ሌላ አልጠየቁም፤ ግቢ አሏት።

ልጅቷ ቀለበት የሚመስሉ ክብ ፕላስቲኮችን በወንዙ ወለል ላይ እዚህም እዚያም እስከ አንገታቸው ቀበረች። አንደኛው በትክክል ከእትዬ ጦቢያ ደጅ ፊት ለፊት ነው። በመጣች ቁጥር ቀለበቱ ላይ ክዳኑን ትደፋበታለች፣ ከክዳኑ የወጣውን ቱቦ ማሽኑ ላይ ትሰካለች፣ ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ቁጥር ታያለች። ክዳኑ ሲደፋ ቁርጥ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው የሚመስለው። እትዬ ጦቢያ ከበራፋቸው ሆነው ሲያዩ ቆይተው አላስችል አላቸውና ምን እያጠመደች እንደሆነ ጠየቁ። ልደት የወንዙን ትንፋሽ እየለካች እንደሆነ ነገረቻቸው።

"ደርቆ የሞተ ነገር ደግሞ ይተነፍሳል?"

አልሞተም አለቻቸው። ውሃው ሲሄድ ጭቃው ውስጥ የቀረው ቅጠልና ጥራጊ አየር ያገኛል፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይበሉታል፤ በልተው ደግሞ እንደ እኛው ይተነፍሳሉ። የሚተነፍሱት ካርቦን ከመኪና ጭስ ከሚወጣው ጋር አንድ ነው፣ ዓለምን የሚያሞቀው እሱ ነው። ይህን ጋዝ ከየት ከየት እንደሚወጣ የሚያሰሉ ሰዎች የደረቀ ወንዝን ለብዙ ጊዜ እንደሌለ ቆጥረው ኖረዋል፤ ውሃ ከሌለው ወንዝ አይደለም ብለው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል የሚወጣው ነው፤ ደርቆ የከረመው አፈር ልክ ታፍኖ እንደቆየ ሰው አንዴ ኡፍ ይላል። ኡፍታው ቶሎ ያልፋል። ልደት የምትጠብቀው እሱን ነው። የምትጠብቀውም ዘንድሮ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በሚመጣው በጋ ብቅ ጥልቅ ዳርና ዳሩ በድንጋይ ተገንብቶ ወለሉ ኮንክሪት ሊለብስ ነው።

እትዬ ጦቢያ ነገሩ ገባቸው፤ ደስም አላቸው። ስንት ዓመት የሰው ወሬ በጆሯቸው ሲያሳልፉ የኖሩ ሰው፣ ደጃቸው ላይ የተኛው ወንዝ ሲተነፍስ ሳይሰሙት መኖራቸው ቆጫቸው።

ሰፈሩ ግን ዓይኑ ቀላ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ በዚህ አካባቢ መለኪያ ይዞ የመጣ ሰው ጤና አይሰጥም። ሜትር የያዘ ልብስ ሰፊ እንኳ ቢያልፍ ሰው በመስኮት ያያል። ያቺ ልጅ ደግሞ ሳፋ ደፍታ፣ ማሽን አብርታ፣ ቁጥር እያየች! ልኬታ ነው ተባለ። ሊያነሱን ነው ተባለ። ጠጋ ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ ሁሉም ፈራ፤ ጠይቆ መልሱን ከመስማት ይሻላል ብሎ።

በመጨረሻ የመጣው ደቻሳ ነው። ደቻሳ ቄራ ሥጋ ቤት የሚሠራ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ልቡ ግን ልጅ የሆነ ጎረቤት ነው፤ ቤቱ ከእትዬ ጦቢያ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዛሬ ነገ ትነሣላችሁ ሲባል ለሚነሣ ቤት ምን አወጣኝ ብሎ ጣሪያውን ሳይጠግን ዓመታት አለፉ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሚስቱ አያንቱ ባልዲና ድስት ትደረድራለች፤ ጠብታው ባልዲው ላይ ጧ ጧ ሲል እትዬ ጦቢያ በግድግዳው በኩል እየሰሙ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው። ይህ ሰው ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጅቷ የምትለካው ለማፍረስ ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸው።

እውነቱን ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ። ግን ፊቱን አዩት። እንዲያ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ የሰጡትን ሁሉ ሊውጥ ተዘጋጅቶ ሲቆም ምላሳቸውን በላቸው። ምን ያድርጉ፣ አመል ነው።

"ለማንም እንዳትናገር" አሉት። "ሳፋ የተደፋበት ደጅ አይነካም።"

የአንድ ቀን ቀልድ ነበር ያሰቡት። ደቻሳ ሌሊቱን በደስታ ሲገላበጥ ያድራል፣ ጠዋት ይመጣል፣ እሳቸው ይስቁበታል፣ እሱም ይስቃል፤ አለቀ። ለማንም እንዳትናገር የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ረስተውታል። ደቻሳ ለአያንቱ ብቻ ነገረ፤ አያንቱ ለእህቷ ብቻ፤ እህቷም ሱቅ ላላቸው ለእነ ሳላሀዲን ብቻ። ሱቅ ደረሰ ማለት ሬዲዮ ደረሰ ማለት ነው።

በማግስቱ እትዬ ጦቢያ በር ሲከፍቱ ብቅ ጥልቅ ሳፋ በሳፋ ሆኗል። ቀይ ሳፋ፣ ሰማያዊ ሳፋ፣ ጆሮው የተሰበረ ሳፋ፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ፣ ሁሉም አፉን ወደ መሬት ደፍቶ በየደጁ ፊት ተሰልፏል። ሳፋ ያጣ ባልዲ ደፍቷል። ሳላሀዲን ለሽያጭ ካስቀመጣቸው አንድ ከነዋጋው ወረቀት ደፍቷል። ከመሐል ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ የእድሩ ትልቁ ድስት! ያ ሠላሳ ሰው የሚያበላው፣ ሁለት ጎረምሳ የሚሸከሙት ድስት ተገልብጦ ቁጭ ብሏል። ጋሽ ሓዱሽ ማለዳ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው ነው አሉ፤ ለቅሶ ቢመጣ በምን ሊቀቀል ነው ብለው የተቃወሙ ነበሩ፣ ግን ሰፈሩ ከፈረሰ እድሩም የለም ተብሎ በአብላጫ ድምፅ ድስቱ እንዲደፋ ተወሰነ።

እትዬ ጦቢያ መቃኑን ተደግፈው ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እንደገና ሳቁ። በሕይወታቸው ይህን የሚያህል መስመር አጠላልፈው አያውቁም። ቀና ሲሉ ልደት ከወንዙ ወለል ላይ ቆማለች።

ልጅቷ አልጮኸችም። ከእትዬ ጦቢያ ደጅ ፊት የነበረው ቀለበቷ ተነቅሎ ደቻሳ በር ፊት ተተክሏል፤ እላዩ ላይ የአያንቱ ሰማያዊ ሳፋ ተደፍቶበታል። ሌሎቹም ተነቃንቀዋል። ሳፋውን አንሥታ፣ ቀለበቱን ነቅላ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና አቀፈችው። እትዬ ጦቢያ ጉልበታቸውን እያመማቸው ወደ እሷ ወረዱ። መሬቱ ከተነካካ በኋላ እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል አለቻቸው፤ ሰማዩ ደግሞ ከኦሎምፒያ በላይ መጥቆር ጀምሯል፣ በልጉ ዛሬም ነገም ሊመጣ ይችላል። መልሳ ብትተክለውም ነገ እንደገና ሊነቅሉት ነው።

"ይህ ዝናብ ካመለጠኝ ሌላ ብቅ ጥልቅ የለኝም፣ እትዬ። የኛን ሰፈር ሲያፈርሱት አንድ ነገር ሳልይዝ ነው የወጣሁት። ይሄኛውን እንኳ ሳይሸፈን ልያዘው ብዬ ነበር።"

እትዬ ጦቢያ ሳቃቸው ከየት መጥቶ የት እንደገባ ጠፋባቸው። እኔ ነኝ አሏት፤ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ልደት ቀና ብላ አየቻቸውና፣ እንግዲያው እርስዎው ይንገሯቸዋ አለች። ፍርዱ አጭር ነው፣ ልክም ነው።

ቤት ለቤት ዞሩ። አቤት፣ እውነት መናገር እንዲህ ይከብዳል ለካ! አንደኛዋ ቤት ሲገቡ፣ ወንዙ ይተነፍሳል፣ ልጅቷ ትንፋሹን ነው የምትለካው ሲሉ ሴትዮዋ ሳቅ ገደላት፤ ዘንድሮስ ባሰባቸው ብላ ባሏን ጠራችው። ሳላሀዲን ደግሞ፣ ከእስከዛሬው ሁሉ ይሄኛው ይበልጣል ብሎ አደነቃቸው። ጋሽ ሓዱሽ ብቻ አልሳቁም፤ ጉዳዩን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ጠየቋቸው። በስልከኝነት ዘመናቸው እንኳ ሐሰታቸውን ያላመነ ሰው አልነበረም፤ አሁን እውነታቸውን የሚገዛ ጠፋ።

መጨረሻ ላይ ወደ ደቻሳ ሄዱ። ደቻሳ ጣሪያው ላይ ነበር። አዲስ ቆርቆሮ እየመታ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ያፏጫል። ሲያያቸው ምስማሩን ከአፉ አወጣና ከላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። ልጆቹ ዘንድሮ ዝናብ ሳይመታቸው ሊያድሩ እንደሆነ ነገራቸውና፣ ይህን የነገሩበትን አፍ እግዜር እንዲባርክላቸው መረቃቸው። 

"ውሸቴን ነው ደቻሳ። የሳፋው ነገር ውሸት ነው" አሉት።

"እርስዎማ ደጅዎ ላይ መጀመሪያ ተደፍቶልዎታላ!" አለና ሳቀ፤ ወደ ቆርቆሮውም ተመለሰ።

ያን ምሽት ተንኮላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀፈፋቸው። ሰው ሲሸወድ የሚያስቀው ምንም ሳይጎድልበት ሲቀር ነው። ደቻሳ ግን ሳፋ ሳይሆን ተስፋ ነው የደፋው፤ እሱንም ከእሳቸው ነው የወሰደው። ከአሁን በኋላ ደግሞ በወሬ የማይመለስ ነገር መሆኑ ገባቸው፤ በእሳቸው ወሬማ በጭራሽ።

እሑድ የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ነበር። አግዳሚዎቹ እንደወትሮው የወንዙ ወለል ላይ ተደረደሩ፤ ቦታ ስለሌለ በሳፋዎቹ መሐል። እትዬ ጦቢያ ልደትን ከነማሽኗ አስከትለው መጡና የመናገር ዕድል ጠየቁ። ገና ሲነሡ ሰው ፈገግ ማለት ጀመረ። እኔ ዛሬ አልናገርም፣ ማሽኑ ይናገር አሉና ቱቦውን ለጋሽ ሓዱሽ ሰጥተው እንዲተነፍሱበት ለመኗቸው። ጋሽ ሓዱሽ መነጽራቸውን አስተካክለው እፍ አሉ። ቁጥሩ ሽቅብ ተወነጨፈ። ሰዉ ተንጠራርቶ አየ፣ ሌላውም ልሞክር አለ፣ አንዲት ሴትዮ ሐሜተኛ ጎረቤቷ ስትሞክር ማሽኑ እንዳይፈነዳ ፈራች።

ከዚያ ልደት ክዳኑን መልሳ ከቀበረችው ቀለበት ላይ ደፋችው፤ ቱቦውን ሰካች። ማንም አልነካም፣ ማንም እፍ አላለም። ቁጥሩ ግን ቀስ እያለ፣ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ፣ መውጣት ጀመረ። ከክዳኑ ሥር ከብቅ ጥልቅ ወለል በቀር የሚተነፍስ ነገር አልነበረም።  ጋሽ ሓዱሽ ጎንበስ ብለው የእድሩን ድስት ጠርዝ በጭቃ እንዲመርጉላቸው አዘዙና ቱቦውን በሥሩ አሾለኩት፤ ከዚያም ሥር ያው ነው፣ ይወጣል። ከሳላሀዲን ሳፋም ሥር ያው ነው። ወንዙ ማንንም ሳይመርጥ በሁሉም ደጅ ይተነፍሳል።

ደቻሳ ተነሣ።

"እና ቤታችንስ?"

ሁሉም ወደ እትዬ ጦቢያ ዞረ። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የማያጡ ሴትዮ ናቸው፤ መልስ ባይኖራቸው ይፈጥራሉ።

"አላውቅም" አሉ። "የማውቀው ሳፋው ከቤትህ ጋር ምንም እንደሌለው ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ይቅር በለኝ።"

ደቻሳ ዘወር አለ። ሄዶ የአያንቱን ሰማያዊ ሳፋ አነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ታቅፎት ቤቱ ገባ። ሌላውም አንድ በአንድ ሳፋውን ማንሣት ጀመረ፤ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ድስቱም በክብር ወደ ዕቃ ቤት ተመለሰ። ቀለበቶቹን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የነካቸው የለም። እንዲያውም ፍየል ስትጠጋቸው አሥር ሰው ይጮህባታል። መሬቱም ረጋ፤ ሰማዩ እንደ ውለታ ቆጥሮት ነው መሰል፣ ጠቁሮ ጠቁሮ እየተወው ጊዜ ሰጠ።

ደቻሳ ግን አኮረፈ። ጠዋት ወደ ቄራ ሲወጣ በደጃቸው በኩል ያልፋል፤ ሰላም አይልም። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። በግድግዳው በኩል የልጆቹን ድምፅ ይሰማሉ፣ የአያንቱን ድምፅ ይሰማሉ፣ የእሱ ድምፅ ወደ እሳቸው አይመጣም። እትዬ ጦቢያ ቀልድ አማራቸው፣ ግን ቀልዱን ሲያስቡት መጨረሻው ደቻሳ ላይ እየደረሰ አስቸገራቸው።

ልደት ማሽኑን እዚያው አሳድራ ልብስ ልትቀይር ቤቷ በሄደችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። አቧራና ፌስታል ሰፈሩን ዞረው። ከኦሎምፒያ በኩል ሰማዩ አንዴ ጉርምርም አለ። ወዲያው የእትዬ ጦቢያ ስልክ ጠራ። ልደት ናት፣ ታክሲ ውስጥ ናት፣ ኦሎምፒያ ደርሳለች ግን መንገዱ ተቆላልፎ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቷል፤ በእግሯም ብትሮጥ አትደርስም። ድምጿ ሊሰበር ነው። ክዳኑ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት መደፋት አለበት፣ ማሽኑ መብራት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመዘግባል።

እትዬ ጦቢያ የተነሡት ገና ወሬው ሳያልቅ ነው። ግን በዚያ ጉልበታቸው ማሽን ተሸክመው ወንዝ አይወርዱም። ጋሽ ሓዱሽ ጃንጥላ ይዘው ሲያልፉ አዩና ጠሯቸው፤ ጃንጥላው ለማሽኑ ይሆናል። ክዳኑንና ማሽኑን የሚያወርድ ጉልበት ያለው ሰው ግን በዚያ ሰዓት ሰፈር ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ አዲሱ ጣሪያው ሥር ቁጭ ብሎ ሰማይ የሚያይ።

"ደቻሳ!" አሉ። "ለእኔ አይደለም። ለልጅቷ።"

ሰማዩን አንዴ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ወጣ። ፊታቸውን ሳያይ ማሽኑን ከእጃቸው ተቀብሎ ወረደ። ጋሽ ሓዱሽ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተከተሉት። እትዬ ጦቢያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ልደት ከወዲያ ትናገራለች፣ እሳቸው ወደ ወንዙ ይጮኻሉ። ክዳኑን እንዳትጫነው፣ አስቀምጠው ብቻ ትላለች። ቱቦው እንዳይታጠፍ ትላለች። ቀዩን ቁልፍ ተጭነህ ያዘው ትላለች። በመሐል ምላሳቸውን በላቸው፤ አሁን ደግሞ ለማሽኑ እጅ ንሣ ትላለች ሊሉ ጥቂት ቀራቸው፣ ደቻሳ እንደሆነ ያለ ምንም ጥያቄ እጅ ሊነሣ ነው። ዋጡት። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አደረሱ።

ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ትልልቅ ጠብታ፣ አቧራው ላይ ጧ ጧ እያለ፤ የደረቀ መሬት ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ከወንዙ ደቻሳ ቁጥሩን ጮኾ ተናገረ። እትዬ ጦቢያ በትክክል የሰሙ ስላልመሰላቸው አስደገሙት። ያው ነው። ለልደት ነገሯት። ከወዲያ በኩል የታክሲው ጥሩምባ ብቻ ተሰማ።

"እትዬ ጦቢያ" አለች ልደት በለሆሳስ፣ "እባክዎ ዛሬ እንኳ አይቀልዱ። እስከ ዛሬ ካየሁት ስንት እጥፍ ነው እኮ የሚሉኝ።"

 እትዬ ጦቢያ ምን ይበሉ? እውነቴን ነው ይበሉ? የተሸወደ ሰው ሁሉ ይህንኑ ቃል ከእሳቸው ሰምቶ ነበር። ዝናቡ ነጠላቸውን አበስብሶ አንገታቸው ውስጥ ሲገባ እንኳ አልተሰማቸውም። ደቻሳ ከወንዙ ሲወጣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የሚያምናቸው አጥተው ቆመው አገኛቸው። የሆነው ገባው። እጁን በሸሚዙ ጠርጎ ስልኩን ተቀበላቸው።

"ደቻሳ ነኝ" አለ። "እውነታቸውን ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

ከወዲያ በኩል ልደት ሳቀች ወይስ አለቀሰች፣ ከዝናቡ የተነሣ አልለየም። ታች ጋሽ ሓዱሽ ራሳቸው እየበሰበሱ ጃንጥላቸውን ለማሽኑ ይዘው እንደ ዘብ ቀጥ ብለዋል። ደቻሳ ስልኩን ዘግቶ ለእትዬ ጦቢያ መለሰላቸው፤ እሳቸውንም ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው።

"ይግቡ፣ እየበሰበሱ ነው" አለና የራሱን በር ገፋ አድርጎ ከፈተላቸው። "የኛ ቤት አያፈስም።"

አያንቱ ወንበር ሳበችላቸው። ከላያቸው ዝናቡ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል፤ ወለሉ ላይ አንድም ባልዲ የለም። እትዬ ጦቢያ የራሰ ነጠላቸውን አውልቀው ተቀመጡ።